በንጉሡ ማሰሮ ላይ ያለው እጅ

የካቲት 9

ጎትሎብ ተመረጠ። የኔ ጎትሎብ... ተመረጠ። ሰላምታውም የቀኑ ወሬም በኋላ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ይኼን ልጻፍ። ቸኩዬ ቀለሙን አፈሰስኩት።

መስፍናችን ለንጉሡ ስጦታ ሊልክ ነው። ንጉሡ ዘውድ የጫኑበት ሃምሳኛ ዓመት በመከር ይከበራል። ስጦታው ከኛው ፋብሪካ የሚወጣ ትልቅ የፖርስሊን የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ እስከ ወገቤ ይደርሳል አሉ። ፊት ለፊቱ ላይ የንጉሡ መልክ ይሳላል። ስንት ሠዓሊ ባለበት ፋብሪካ፣ አንተ ሳለው የተባለው ባሌ።

በምሳ ሰዓት መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ የድስቱን ክዳን አነሳ።

"ምንድን ነው?"

"ድንች።"

"ዛሬም?"

"ዛሬም። ምነው፣ ንጉሥ ሆንክ እንዴ?"

"እኔስ አልሆንኩም። ግን ልስላቸው ነው" ብሎ ቁጭ አለ።

ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። እንዲህ ነው የሱ ነገር። ያኔ አግቢኝ ሲለኝም ስለ ዝናቡ እያወራ ነበር፣ መሀል ላይ ነው ጣል ያደረጋት።

ጎረቤቴ ኩኒ ጋ ሮጥኩ፤ ሻርፕ እንኳ አልደረብኩም። "ወሬ ይዤ መጣሁ" ስላት "አንቺ መቼ ባዶሽን መጥተሽ ታውቂያለሽ" አለችኝ። ስነግራት ግን አለቀሰች። ምቀኝነቷ ነገ ይመጣል፣ ዛሬን ግን ከልቧ አለቀሰችልኝ።

ልጃችን ቴክላ ደግሞ በሰኔ ታገባለች። ኤርድማንን... እቶን የሚያነደውን ዝምተኛ ልጅ። በአንድ ዓመት ሁለት ደስታ። በዛብኝ ልበል?

የካቲት 20

ዛሬስ በሳቅ ሞትኩ። ከቤተ መንግሥት የመጣው የንጉሡ ሥዕል እስከ ደረታቸው ብቻ ነው። ትእዛዙ ግን እጃቸው የሰይፉን እጀታ ጨብጦ ይታይ ይላል። የንጉሡን እጅ ማን አይቶ ያውቃል? በዚህ ከተማ ማንም። ጎትሎብ መስተዋቱን ጠረጴዛ ላይ አቆመና፣ ጭልፋዬን ጨብጦ የገዛ እጁን ይነድፍ ጀመር።

"ጭልፋው ለሾርባ ይፈለጋል" አልኩት።

"ግርማዊነታቸው ይዘውታል። ትንሽ ታገሺ።"

ቴክላ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቆይቼ ንድፉን ሳየው ትንሿ ጣት ጠማማ ናት። የሱ ጣት እኮ ናት... ልጅ ሆኖ ጭቃ ሲያዞር መዘውሩ የሰበራት።

"ጎትሎብ፣ የንጉሡ ጣት ጠማማ ናት እንዴ?"

"ቀና ናት ያለሽ ማነው?"

ሳቀ። ከዚያ ሳል ያዘው። ረጅም ሳል። ጭልፋውን አስቀመጠው።

የካቲት 28

ሳሉ አልለቀቀውም። ወተት በማር አፍልቼ ሰጠሁት። "ደህና ነኝ" ይላል። ደህና የሆነ ሰው ይህን ያህል ደጋግሞ ደህና ነኝ ይላል?

መጋቢት 17

ማሰሮው ሁለት ነው። (በፋብሪካው የአበባ ማስቀመጫ ይሉታል፤ እኛ ቤት ማሰሮ ሆኖ ቀርቷል።) ለንጉሥ የሚሄድ ዕቃ ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ ይሳላል፣ እቶን አይታመንማ። ንጹሑ ይሄዳል። እንከን የወጣበት ግቢ ውስጥ በመዶሻ ይሰበራል። የንጉሥ ፊት ያለበት እንከናም ዕቃ ገበያ አይወጣም፣ ሰው ቤትም አይገባም። ይህን ሕግ ጡት ሳልጥል ነው የሰማሁት።

ጎትሎብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይውላል። ቤት ሲገባ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ያቃስታል። ሐኪሙ "በልጅነቱ የዋጠው የሸክላ አቧራ ነው" አለኝ። የከተማችን ወንድ ግማሹ በዚሁ አቧራ ነው የሚሞ... ምን ልጽፍ ነበር? ይቅር።

ሚያዝያ 6

ማታ ስለ ሰርጉ አወራን። ደስ አለኝ፣ ሰሞኑን ስለ ሳል ብቻ ነበር የምናወራው።

ቴክላ "ለሰበራው ማታ ማንን ማንን እንጥራ?" አለች።

"የሰበራ ማታ ጥሪ አለው እንዴ? ከተማው ራሱ ይመጣልሻል" አልኳት። የኔ ጊዜ ትዝ አለኝ። በሰርጉ ዋዜማ ሰው ሁሉ አሮጌ ሳህኑን፣ ጆሮ የሌለው ኩባያውን ይዞ መጥቶ የእናቴ ደጃፍ ላይ ሲያደቀው... ጫጫታው ክፉ ክፉውን ያባርራል። ብርጭቆ ብቻ አይሰበርም፣ ገድ የለውም። ከዚያ እኔና ጎትሎብ በአንድ መጥረጊያ ስባሪውን ጠረግን። አንዲት ስባሪ አትቀርም፤ ከቀረች ለትዳሩ ጥሩ አይደለም ይባላል። ጎትሎብ በሻማ ድንጋዩን ሁሉ ሲፈትሽ ሰው ሳቀበት።

ዛሬ ከወንበሩ ላይ ሆኖ "የመጀመሪያውን የምሰብረው እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይቀድመኝ" አለ። "ቤተክርስቲያኑ ድረስ ነው የሚሰማው።"

"በዚህ ትንፋሽህ?"

"ለመወርወር ምን ትንፋሽ ያስፈልጋል? የሚያስፈልገው እጅ ነው።"

ሚያዝያ 25

አንደኛው ማሰሮ ከእቶን ወጣ፤ ንጹሕ ነው። ወርቁን የወለወልኩት እኔ ነኝ። በፋብሪካው ወርቅ ክፍል አብረውኝ ከሚሠሩት ሴቶች ሁሉ አለቃችን አቶ ቪጋንድ ለኔ ሰጡኝ። ወርቅ ከእቶን ሲወጣ የሚያየው ሰው ያዝንበታል፤ ጭቃ ነው የሚመስለው። በድንጋይ ሲታሽ ሲታሽ ነው ከውስጥ እየበራ የሚመጣው። በአንገቱ ዙሪያ ያለውን ስጨርስ ቀና ብዬ እጁን አየሁት። ያቺ ጠማማ ጣት... በንጉሡ ሰይፍ ላይ። ለሴቶቹ ላሳያቸው አሰብኩና ተውኩት። ለብቻዬ ሳቅኩ።

ግንቦት 12

ሁለተኛውን ዛሬ ጨረሰ። ከፋብሪካው እስከ ቤት ኤርድማን ደግፎት ነው የመጣው።

"ሁለተኛው ይበልጣል" አለኝ።

"ፊታቸው?"

"አይ... እጁ።"

ተኛ። ጫማውን እኔ አወለቅኩለት።

ግንቦት 23

ጎትሎብ ዛሬ ጠዋት ሞተ። ድንች ልጬ ነበር።

ሰኔ 2

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁንም... ግን ዛሬ የሆነውን ለማን ላውራው? የማወራለትን ሰው አይደል የቀበርኩት።

ሁለተኛው ማሰሮ ትናንት ከእቶን ወጣ፤ ተሰንጥቋል። ከአፉ እስከ ትከሻው ቀጭን መስመር ወርዶበታል። ሥዕሉን አልነካውም። እሳቱ ላይ የነበረው ኤርድማን ነው፤ ሊነግረኝ መጥቶ በራፉ ላይ ቆመ፣ ባርኔጣውን እያዞረ። "እቶን ነው፤ አንተ ምን ታደርግ" አልኩት። ከልቤ ይሁን አይሁን እንጃ።

ሄድኩ። አቶ ቪጋንድ ከመጋዘኑ በራፍ ላይ አገኙኝ።

"ወይዘሮ ኦቲሊ፣ ሕጉን ያውቁታል።"

"አውቃለሁ።"

"ነገ ጠዋት ግቢ ውስጥ ይሰበራል።"

"እጁን አይተውታል አቶ ቪጋንድ?"

ወደ ጣቷ ጎንበስ አሉ። ከጎትሎብ ጋር ልጅ ሆነው ጭቃ አብረው ያዞሩ ሰው ናቸው። ያቺ ጣት ስትሰበርም ነበሩ።

"ልጅዎ ልታገባ ነበር አይደል?" አሉ በመጨረሻ።

"ነበር። አሁን ሐዘን ላይ ነን።"

"ሠራተኛ ልጁን ሲድር ፋብሪካው ለሰበራ ማታ እንከናም ዕቃ ይሰጣል። የቆየ ልማድ ነው፤ የማንም ልጅ ተከልክላ አታውቅም።" ወደ ማሰሮው አዩ። "ግን ቃልዎን እፈልጋለሁ። በልጅዎ ሰበራ ማታ፣ ሰው ፊት፣ እኔም ቆሜ ሳይ ይሰበራል። እስከዚያ ድረስ ከቤትዎ አይወጣም።"

"ቃሌ ነው።"

በእጅ ጋሪ፣ በጭድ ተጠቅልሎ መጣ። የገፋው ኤርድማን ነው።

ሰኔ 20

መስኮቱ አጠገብ ሳጥኑ ላይ አቆምኩት። ሰርጉ ለዓመት ተላለፈ፤ ሐዘን ነው፣ ምን ይደረጋል። ኩኒ ልታይ መጥታ "ንጉሡ አረጁ" አለች። እኔ እኮ እስካሁን ፊታቸውን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

እጄን በእጁ ላይ አደረግኩት። ቀዝቃዛ ነው። ፖርስሊን አይደል፣ ምን ጠብቄ ነበር?

ጥቅምት 3

ንጹሑ ማሰሮ በባቡር ሄዶ ንጉሡ ዘንድ ደርሷል። አቶ ቪጋንድ ናቸው የነገሩኝ። ንጉሡ ቆመው ብዙ ጊዜ አዩት ተባለ። ምን አዩ ይሆን? "ይህች ጣት የማን ናት" አላሉም ይሆን?

ለጎትሎብ ነገርኩት። ወሬ ሳመጣ እንደ ድሮው ዝም ብሎ ይሰማኛል።

ታኅሣሥ 16

በልደት ዋዜማ ዓሣ ጠበስኩ። ለሁለት ሰው ብዙ ነው። ኤርድማን መጣና ሦስት ሆንን። እኔ እንዲታየኝ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሰኔ 4

ዓመት ሞላ። ጥቁሩን ልብስ አጥቤ አስቀመጥኩ።

"እማ፣ እንግዲህ ቀን እንቁረጥ" አለችኝ ቴክላ። ደስታዋን ስትደብቅ አንገቷ ይቀላል።

"እህሉ ይሰብሰብና" አልኳት።

እውነት ነው፣ በእህል ጊዜ ማን ሰርግ ይበላል?

መስከረም 11

"እማ፣ እህሉ ገባ።"

"ድንቹ ይነቀል ልጄ። ሰርግ ያለ ድንች ይሆናል?"

ጥቅምት 29

ድንቹ ተነቅሏል። ወገቤን አሞኛል ብያለሁ። ትንሽ አሞኛል ደግሞ።

ኅዳር 13

ኩኒ ዛሬ ወጥ ቤቴ ገብታ እንደ ልማዷ ካልተጠየቀችበት ገባች።

"ልጅሽን ልትድሪ ነው ወይስ ልታስመነኩሺ?"

"ምን አገባሽ?"

"አገባኝ። ለሰበራው ያዘጋጀሁትን ሳህን እኮ ራሴ መልሼ ልበላበት ነው።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። አይኗ መስኮቱ አጠገብ ካለው ማሰሮ ላይ ነበር። ከዚያ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች፤ ኩኒ... ቀስ ብላ።

ኅዳር 30

ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ?

ኤርድማን መጣ። ባርኔጣውን ያዞራል። "እማማ ኦቲሊ፣ መቼ ይሁን?"

"ምኑ?"

"ሰርጉ።"

"ምን ያጣድፍሃል? አንዴ በእሳትህ የሰነጠቅከውን አሁን ደግሞ ልትጨርሰው ነው?"

አልኩት። ይህንን አልኩት። ልጁ ነጭ ሆነ። ባርኔጣውን አድርጎ "ደህና ይዋሉ" ብሎ ወጣ። በክብር፣ በ"ይዋሉ"።

ራት ላይ ቴክላ አላየችኝም። "ድንቹ ጨው አንሶታል" ብቻ አለች።

ታኅሣሥ 16

ዘንድሮ ዓሣውን ለሁለት ጠበስኩ። ኤርድማን አልመጣም።

ጥር 14

ቴክላ ልብስ ስታጣጥፍ፣ ፊቷን ሳትመልስ ነው የተናገረችው።

"ኤርድማንና እኔ ተነጋግረናል። የሰበራው ማታ ይቅር።"

"ይቅር ማለት?"

"ቄሱን እናነጋግራለን። በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ ሁለት ምስክር ይዘን በጓሮ በር ገብተን እንጋባለን። የሰበራ ማታ ከሌለ የሚሰበርም የለም። ማሰሮው ይቆይልሻል።"

በዚህ ከተማ ያለ ሰበራ የሚያገባው ማነው? ሆዷ የገፋ ልጅ። ወይ ከሌላ አገር ስሙን ቀይሮ የመጣ።

"ሰው ምን ይላል?"

"ያለውን ይበል።"

"ኤርድማንስ እሺ አለ?"

"ያመጣው እሱ ነው" አለች። "እማማ ኦቲሊ ከሚያለቅሱ ሰው ቢስቅብኝ ይሻለኛል አለ።"

ያጣጠፈችው የአባቷን ሸሚዝ ነው። አልጋ ልብስ ልታደርገው ቀድዳ ልትሰፋው... ለራሷ ቤት። ደጃፏ ላይ ኩባያ ሳይሰበርላት፣ እንደ ሌባ በጓሮ ለምትገባበት ቤት።

ተነስቼ ድስቱን ማጠብ ጀመርኩ። እኔ፣ ምላስ የማያርፈኝ።

ጥር 15

አውቅ ነበር? እህሉም፣ ድንቹም፣ ወገቤም... አውቅ ነበር። ለአቶ ቪጋንድ ቃል ስሰጥ ያስያዝኩት ማሰሮውን አልነበረም። ልጄን ነው ያስያዝኩት።

ማሰሮው ፊት ተቀመጥኩ። "የመጀመሪያውን የምሰብረው እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይቀድመኝ" ብሎ የለ? እሱ ታሞ ወንበሩ ላይ ሆኖ ደጃፉ ሲንጫጫ ይሰማው ነበር፤ እኔ በጤናዬ ዝም አሰኘሁት።

ጥር 16

ኤርድማን ጋ ራሴ ሄድኩ። እቶኑ በር ላይ፣ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ። ሌላም ሰው ነበር፤ ይስማ አልኩ።

"ያን ቀን ያልኩህ የአፌ እንጂ የጎትሎብ ቤት ቃል አይደለም" አልኩት። "ቀን ልንቆርጥ ነው። ና ራት ብላ።"

"ምን አለ?" አለኝ።

"ድንች።"

ሳቀ። ይሄ ልጅ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ፤ ጥላሸቱ ተለቀለቀ።

የካቲት 2

የመወልወያ ድንጋዬን ከፋብሪካ ይዤ መጣሁ። ሁለተኛው ማሰሮ ወርቁ አልተወለወለም ነበር፤ እንከናም ነው ብሎ ማን ይደክምበታል? ይኼን ሁሉ ጊዜ ጭቃ ለብሶ ነው ቤቴ የተቀመጠው፣ እኔም አላስተዋልኩ። እጁን ብቻ ነበራ የማየው።

ኩኒ ገብታ ቆመች። "የሚሰበር ነገር ትወለውያለሽ?"

"አንቺስ ለሰርግሽ ፀጉርሽን አልተሠራሽም? በነጋታው እንደ ወፍ ጎጆ ሆኖ ነው ያየሁት።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ተሽሎሻል" አለችና አጠገቤ ተቀምጣ ጨርቁን ያዘችልኝ።

የካቲት 14

አንገቱ አለቀ። ጆሮዎቹ አለቁ። በስንጥቁ ላይ ስደርስ ቀስ አልኩ፣ እንደ ቁስል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ቤቱ ሁሉ በራ። ቴክላ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"እማ... እንዲህ ነበር እንዴ?"

"እንዲህ ነው። ንጉሡ ቤት ያለውም ይኼው ነው።"

መጥታ ትንሿን ጣት በጣቷ ነካች። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች፤ አባቷ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ። እኔን እያየች ነበር ለካ እንባዋን የያዘችው።

የካቲት 17

አቶ ቪጋንድ ጋ ሄጄ ቀኑን ነገርኳቸው። "ረሱት ብዬ ነበር" አሉ። "ረስቼው ነበር" አልኳቸው። "ከፈለጉ... እኔ ያን ቀን ዓይኔን ያመኛል፣ ያየሁትንም ያላየሁትንም..." ብለው ጀመሩ። አላስጨረስኳቸውም። "ይምጡ። ቆመው ይዩ። ጓደኛዎ ነው የሚሰብረው" አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

የካቲት 18

የሰበራ ማታ ጥሪ የለውም ይባላል። እኔ ግን ይኼን ያህል አስጠብቄ ሰው ራሱ ይመጣል ብዬ እንዴት ልቀመጥ? በረዶውን እየረገጥኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። ዳቦ ጋጋሪው ጋ፣ ቄሱ ጋ፣ የወርቅ ክፍል ሴቶች ጋ፣ የእቶን ልጆች ጋ። ድምፄ ጠፋ፤ ኩኒ "ተመስገን" አለች። ለሁሉም ያልኳቸውን እዚህም ልጻፈው፣ እኔም እንዳልሸሽ።

ኑ። ማንም አይቅር። ያላችሁን አሮጌ ሳህን፣ ጆሮ የሌለው ኩባያ፣ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ይዛችሁ ኑ፤ ብርጭቆ ብቻ አታምጡ። ቢራ አለ፣ ቋሊማ አለ፣ ድንችማ አለ። መጥረጊያው አዲስ ነው፤ ልጆቼ ይጠርጉታል፣ አንዲት ስባሪ አትቀርም፣ እኔም አንዲት አልደብቅም። ግን ማንም እጁን እንዳያነሳ፣ ቆማችሁ ጠብቁ። የመጀመሪያው የጎትሎብ ነው። ቤተክርስቲያኑ ድረስ እንዲሰማ።

ከደጃፋችን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። አርብ፣ የካቲት 21።